በመኖሪያ ቤት ለሚሠሩ ነጋዴዎች፤ የላፕቶፕ የዋይፋይ አቀባበል ስለሚሻሻልበት መንገድ

ንግድ በሱቅና በመጋዘን ብቻ የሚካሄድበት ዘመን እንዳለፈ ለአንባቢዎቻችን መግለጽ አያስፈልግም። የንግድ ፈቃድ ማደስ፣ ግብር ማስታወቅ፣ በባንክ ገንዘብ ማስተላለፍ፣ ከውጭ አገር አቅራቢዎች ጋራ መጻጻፍ፣ በመንግሥት ጨረታ መወዳደርም ጭምር ዛሬ በኢንተርኔት አማካይነት የሚፈጸም ተግባር ሆኗል። ከዚህም የተነሣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ይልቁንም በካዛንቺስና በዙሪያው የሚኖሩ ነጋዴዎች የቤታቸውን አንዱን ክፍል ጽሕፈት ቤት አድርገው፣ በአንድ ላፕቶፕ የዕለት ሥራቸውን ሲያከናውኑ ማየት የተለመደ ነው። እነዚህ ሰዎች ዘወትር የሚያሰሙት አንድ አቤቱታ አለ፤ ይኸውም «በየወሩ ክፍያችንን እንከፍላለን፤ ነገር ግን ዋይፋዩ ከምንሠራበት ክፍል አይደርስም፤ ቢደርስም ይቆራረጣል» የሚል ነው።

ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል፤ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ቀላል አይደለም። ለምሳሌ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢ በኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ለወጣ ጨረታ ሰነዱን አዘጋጀ እንበል። ጨረታው የሚዘጋው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። የሰነዱ መጠን 60 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነም ይህ 480 ሜጋቢት ማለት ነው። ላፕቶፑ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ለመላክ ቢችል ሥራው በ4 ደቂቃ ይፈጸማል። በግድግዳ ብዛት ደክሞ በሰከንድ 0.2 ሜጋቢት ብቻ ቢያሳልፍ ግን ይኸው ሰነድ 40 ደቂቃ ይፈጃል። እንግዲህ በ3 ሰዓት ተኩል መላክ የጀመረው ነጋዴ የሚጨርሰው በ4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሆናል። ያቀረበው ዋጋ ከሁሉ የተሻለ ቢሆን እንኳ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

ይህ የደረሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወስደው እርምጃ ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛት ነው። ጉድለቱ ያለው በቤቱ ውስጥ ከሆነ ግን የተጨመረው ገንዘብ ሁሉ ከግድግዳው ጀርባ ይቀራል። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ይህንን የመሰለውን ነው። ስለዚህ ኪሳችንን ከመክፈታችን አስቀድሞ ጉድለቱ የት እንዳለ መመርመር ይገባናል።

ጉድለቱን ስለ መለየት

ኢንተርኔት ወደ ላፕቶፑ የሚደርሰው ሁለት መንገዶችን አልፎ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ከአገልግሎት ሰጪው ድርጅት እስከ ቤታችን ያለው ሲሆን፣ በመዳብ ሽቦ፣ በፋይበር ወይም በሲም ካርድ አማካይነት ከሞባይል ማማ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው መንገድ ከራውተሩ፣ ማለት በተለምዶ ሞደም ከምንለው ሣጥን፣ ተነሥቶ እስከ ላፕቶፑ ድረስ በአየር የሚጓዘው ነው። ነገሩ ከቧንቧ ውሃ ጋራ ይመሳሰላል። ውሃው እስከ ቆጣሪው ሞልቶ ቢመጣም ከቆጣሪው እስከ ወጥ ቤት ያለው ቱቦ የተዘጋ ከሆነ ጥፋቱ የውሃው መሥሪያ ቤት አይደለም።

ሁለቱን ለመለየት ሦስት ልኬታ ይበቃል። 1ኛ፣ ላፕቶፑን በኔትዎርክ ገመድ ከራውተሩ ጋራ አገናኝቶ የኢንተርኔቱን ፍጥነት መለካት፤ 2ኛ፣ ገመዱን ነቅሎ ከራውተሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ በዋይፋይ መለካት፤ 3ኛ፣ ዘወትር ከምንሠራበት ጠረጴዛ ተቀምጦ እንደገና መለካት ነው። በሦስቱም ጊዜ የሚወርደውንና የሚላከውን ፍጥነት ለየብቻ በወረቀት መመዝገብ፣ ልኬታውንም በጠዋትና በምሽት መድገም ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ልኬታ ራሱ ከተዋዋልነው ፍጥነት እጅግ ያነሰ ከሆነ ጉድለቱ ከውጭ ነውና ወረቀቱን ይዞ ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ይገባል። የመጀመሪያው ደኅና ሆኖ ሁለተኛው ከወደቀ ጥርጣሬው በራውተሩ፣ በላፕቶፑ ወይም በሞገዱ መጨናነቅ ላይ ነው። ሁለቱ ደኅና ሆነው ሦስተኛው ብቻ ከወደቀ ጥፋቱ የርቀትና የግድግዳ ነው። ከዚህ ላይ ልናስታውስ የምንወደው ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ነጋዴው ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ አግኝቷል፤ ይህም መልካም ነገር ነው። ሆኖም አገልግሎት ሰጪ መለወጥ የመጀመሪያውን መንገድ እንጂ ሁለተኛውን መንገድ አያቀናም።

ሞገዱ እንዴት እንደሚጓዝ

የዋይፋይ አሠራር ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። መሣሪያዎቹ በብዛት የሚሠሩት በሁለት የሞገድ ክልል ነው፤ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሁለተኛው 5 ጊጋኸርዝ ይባላል። የመጀመሪያው የሞገድ ርዝመቱ 12 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን የሁለተኛው ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ነው። ረዥሙ ሞገድ ግድግዳን በተሻለ ሁኔታ ያልፋል፤ ራቅ ወዳለ ክፍልም ይደርሳል። አጭሩ ሞገድ ግን በቅርብ ርቀት እጅግ ፈጣን ሆኖ ሳለ ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ከራውተሩ ጋራ በአንድ ክፍል የሚሠራ ሰው 5 ጊጋኸርዙን፣ ግድግዳ ተሻግሮ የሚሠራ ሰው 2.4 ጊጋኸርዙን ቢመርጥ ይጠቀማል።

ምንም ግርዶሽ በሌለበት ሜዳ እንኳ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የሞገዱ ኃይል የሚለካው ዲቢኤም በተባለ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩም ከዜሮ በታች ስለ ሆነ ወደ ዜሮ የቀረበው ብርቱ፣ ከዜሮ የራቀው ደካማ ነው። ከዜሮ በታች 50 እጅግ መልካም ነው፤ 67 ገደማ ለቪዲዮ ስብሰባ ይበቃል፤ ከ70 ያለፈ ደካማ ነው፤ 80 ከደረሰ መቆራረጥ የማይቀር ነው። በዚህ መለኪያ 10 ቁጥር መውረድ ኃይሉ አንድ አሥረኛ ሆነ ማለት ስለ ሆነ፣ 80 የሚያሳየው ጠረጴዛ የሚያገኘው ኃይል 50 የሚያሳየው ከሚያገኘው አንድ ሺሕኛ ብቻ ነው። ይህንን ቁጥር በነጻ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች ለላፕቶፕም ለሞባይልም ይገኛሉ።

ስለ ካዛንቺስና ስለ ቂርቆስ ቤቶች ጠባይ

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የቤት ሥራ ታሪክን የሚያስታውስ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው ድርጅት በአሕጽሮት ኢንቺስ ይባል ስለ ነበረ፣ ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለት የኢንቺስ ቤቶች ተባሉ፤ ሕዝቡም አቀላጥፎ ካዛንቺስ አለው። በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ ከሰፈሩ ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ አካባቢ ተዛውረዋል። ሆኖም በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በጠቅላላው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቪላ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት፣ የብሎኬት ሰርቪስና የአርማታ ፎቅ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሞገዱም በእያንዳንዱ ዘንድ የተለየ ጠባይ ያሳያል።

የእንጨትና የኮምፔንሳቶ ክፍልፋይ ሞገዱን ብዙም አያደክመውም። ብሎኬት መጠነኛ ጉዳት ያደርሳል። ወፍራም ድንጋይና ፌሮ ብረት የተቀበረበት አርማታ እጅግ ያደክሙታል፤ በፎቅና በፎቅ መካከል ያለው ሶሌታም እንደዚሁ ነው። የጭቃ ግድግዳ በደረቀ ጊዜ ይሻላል፤ በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ግን ውሃው ሞገዱን ስለሚውጠው አቀባበሉ ይቀንሳል። ከሁሉ የሚከፋው ብረት ነው። የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የላሜራ በርና ማቀዝቀዣ ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሱታል። ትልቅ መስተዋትም በጀርባው የተቀባው ብረት ነክ ቅብ ስለ ሆነ እንደ ብረት ይቆጠራል። ውሃ የሞላ ሮቶም ሞገዱን ውጦ ያስቀረዋል።

በእኛ አገር የሚያጋጥመው ዋናው ችግር የሚፈጠረው በዋናው ቤትና በሰርቪሱ መካከል ነው። ራውተሩ ከሳሎኑ ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ይቀመጣል፤ ነጋዴው ደግሞ ከቤተ ሰቡ ሁካታ ርቆ በጓሮ ባለው ሰርቪስ ውስጥ ይሠራል። እንግዲህ ሞገዱ የቴሌቪዥኑን ጀርባ፣ የሳሎኑን ግድግዳ፣ የጓዳውን ግድግዳ፣ የሰርቪሱን የላሜራ በር አልፎ ነው ላፕቶፑ ዘንድ የሚደርሰው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢደክም ሊያስደንቀን አይገባም።

ያለ ወጪ ሊደረግ የሚቻለው

በመጀመሪያ ራውተሩን ከቡፌው ማውጣት ነው። ወደ ቤቱ መካከል ወይም ወደምንሠራበት ክፍል በሚያቀርብ ሥፍራ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ብረትም መስተዋትም በሌለበት ቢቀመጥ ይመረጣል። የሥራው ክፍል በጓሮ በኩል ከሆነ ራውተሩ ወደ ጓሮ በሚመለከት የእንጨት በር ወይም የመስኮት አጠገብ ቢሆን መልካም ነው፤ የመስኮት መስተዋት ቅብ ከሌለው ሞገድን አይከለክልምና። ሆኖም ራውተሩ በሲም ካርድ የሚሠራ ከሆነ ሚዛኑን መጠበቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሣጥን ከማማውም ሞገድ መቀበል ስላለበት፣ ከማማው ያለውን አቀባበል አጥቶ ለላፕቶፑ ቢቀርብ ትርፍ አይገኝበትም። በሁለት ሦስት መስኮቶች አጠገብ እያስቀመጡ ፍጥነቱን መለካት ትክክለኛውን ቦታ ያሳያል።

ሁለተኛው የአንቴናው አቀማመጥ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ሞገዱን የሚያሰራጨው ወደ ጎን በዙሪያው ነው፤ በጫፉ አቅጣጫ ግን ጥቂት ብቻ ይልካል። ስለዚህ አንቴናውን ወደ ላፕቶፑ ማነጣጠር እንደ ጠመንጃ ይሠራል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። በአንድ ወለል ለሚኖር ሰው ሁሉም አንቴናዎች ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ በላይኛው ፎቅ ለሚሠራ ሰው አንዱን ማጋደም ይጠቅማል።

ሦስተኛው የሞገድ መጨናነቅ ነው። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በካዛንቺስ አካባቢ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች ተበራክተዋል፤ በአንድ ፎቅ ላይ ቆሞ የዋይፋይ ስሞችን የሚቆጥር ሰውም ከአሥር በላይ ቢያገኝ አይገረምም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል ውስጥ ያሉት መስመሮች እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ሲሆኑ፣ ሳይነካኩ አብረው ሊሠሩ የሚችሉት 1ኛው፣ 6ኛውና 11ኛው ብቻ ናቸው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ በ6ኛው ላይ ከተሰበሰቡ እኛ በራውተሩ ማስተካከያ ገብተን 1ኛውን ወይም 11ኛውን እንምረጥ፤ የመስመሩም ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ይሁን። ማይክሮዌቭ የምግብ ማሞቂያም በዚሁ ክልል ስለሚሠራ በሥራ ሰዓት ከላፕቶፑ ቢርቅ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን በከንቱ ይታማል፤ ምጣድ የዋይፋይ ሞገድ አያሰራጭም። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ራውተሩ የሚጠፋና የሚበራ ከሆነ ምክንያቱ የመብራቱ ኃይል መውረድ ነው።

አራተኛው ላፕቶፑ ራሱ ነው። በብዙዎቹ ላፕቶፖች አንቴናው የተቀበረው በስክሪኑ ዙሪያ ስለ ሆነ፣ ክዳኑን ግማሽ ዘግቶ ወይም ከብረት ሣጥን አስጠግቶ መሥራት አቀባበሉን ይቀንሳል። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ የዋይፋዩን አቅም ሊቀንስ ይችላልና አስቸኳይ ሰነድ በሚላክበት ጊዜ ከሶኬት ጋራ ማገናኘት ይገባል። በዩኤስቢ 3 የሚሠራ ውጫዊ ዲስክም 2.4 ጊጋኸርዙን የሚረብሽበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ነቅሎ መሞከር ነው። የዋይፋዩን ክፍል የሚያዝዘውን ድራይቨር ማደስም አይዘንጋ።

አምስተኛው የይለፍ ቃል ነው። ቃሉ ከተከራይ ወደ ተከራይ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆይቶ የነጋዴው መስመር የመንደሩ ሁሉ መስመር ይሆናል። የአየሩን ጊዜ መሣሪያዎቹ ሁሉ በተራ የሚካፈሉት ስለ ሆነ፣ ከሩቅ ሆኖ በደካማ ሞገድ ፊልም የሚያይ አንድ ስልክ የሌላውንም ሥራ ያጓትታል። ስለዚህ ቃሉን መለወጥ፣ መቆለፊያውንም ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም ደብልዩ ፒ ኤ 3 ማድረግ ለፍጥነቱም ለንግድ ምሥጢሩም ይበጃል።

ወጪ የሚጠይቀው

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ተፈጽሞ ልኬታው ካልተሻሻለ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ይሆናል። ብዙዎች ፈጥነው የሚገዙት ሞገድ አስተላላፊውን፣ ማለት ሪፒተር የተባለውን ነው። ይህ መሣሪያ ዋጋው ቀለል ያለ ቢሆንም ሁለት ነገር ሊታወቅለት ይገባል። አንደኛ፣ በአንድ የሞገድ ክልል ብቻ የሚሠራው ዓይነት ተቀብሎ ቆም ብሎ ስለሚልክ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ሁለተኛ፣ ሞገድ በሌለበት ክፍል ቢተከል የሚያስተላልፈው ነገር የለውም፤ ቦታው ሞገዱ ገና ብርቱ በሆነበት፣ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ነው።

እኛ ግን ከሁሉ አስበልጠን የምንመክረው ገመዱን ነው። ካት 5ኢ የተባለው የኔትዎርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ እስከ 1,000 ሜጋቢት ለማሳለፍ የተዘጋጀ ነው፤ ከሳሎን እስከ ሰርቪስ ያለው ርቀት ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ገመዱን ለውጭ አገልግሎት ከተሠራው ዓይነት መርጦ፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ፣ ከመብራት ሽቦ አርቆ መዘርጋት ያስፈልጋል። ገመዱ በቀጥታ ከላፕቶፑ ጋራ ሊገናኝ ይችላል፤ ወይም በሰርቪሱ ውስጥ ሁለተኛ ራውተር ተተክሎ በዚያ አዲስ ዋይፋይ ይሰራጫል። በዚህ ጊዜ የሁለተኛው ራውተር አድራሻ የማደል ተግባር ተዘግቶ ዋናው ብቻ እንዲያድል መደረግ አለበት፤ አለዚያ ሁለት ጌታ ያለው ቤት ይሆንና ሥራው ይታወካል። በክረምት የነጎድጓድ ጊዜ በሁለት ቤቶች መካከል የተዘረጋ የመዳብ ገመድ ኃይል ሊስብ ስለሚችል ከሁለቱም ጫፍ ነቅሎ መጠበቅ ጥንቃቄ ነው። በአርማታ ፎቅ ውስጥ ለሚኖር ሰውም ሶሌታን ለመሻገር ከገመድ የተሻለ መንገድ የለም።

መብራት በተቋረጠ ጊዜ ላፕቶፑ በባትሪው ቢሠራም ራውተሩ ከጠፋ ዋጋ የለውም። ብዙ ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩና ጥቂት ኃይል ብቻ ስለሚወስዱ፣ ለራውተር ተብሎ የተዘጋጀ አነስተኛ ዩፒኤስ ለተወሰነ ሰዓት ሊያቆያቸው ይችላል። ከመግዛት በፊት በራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ማንበብ ግዴታ ነው።

በመጨረሻም በገበያ ስለሚታዩት የሞባይል ሞገድ አጉሊ መሣሪያዎች አንድ ማሳሰቢያ እንሰጣለን። እነዚህ መሣሪያዎች በቤት ውስጥ ካለው ዋይፋይ የተለዩ ናቸው፤ ለሞባይል ድርጅቶች በተመደበ ሞገድ ላይ ስለሚሠሩም ያለ አግባብ ሲተከሉ የጎረቤትን መስመር ያውካሉ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መጠየቅ ከኋላ ጸጸት ያድናል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ መለካት፤ ቀጥሎ ራውተሩን ማንቀሳቀስ፤ ከዚያ መስመሩንና የይለፍ ቃሉን ማስተካከል፤ ከዚያም ገመድ መዘርጋት፤ ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛት የመጨረሻው ነው። ከላይ በምሳሌ ያነሣነው የጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢ ከሳሎን እስከ ሰርቪስ አንድ ገመድ ዘርግቶ ቢሆን ኖሮ፣ በ3 ሰዓት ተኩል የጀመረውን በ3 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ጨርሶ፣ ቀሪውን ጊዜ ሰነዱ መድረሱን ለማረጋገጥ በተጠቀመበት ነበር። አንባቢዎቻችንም ቀጣዩ ጨረታ ሳይደርስ፣ በዚህ ሳምንት፣ ሦስቱን ልኬታዎች በወረቀት እንዲመዘግቡ በአክብሮት እናሳስባለን።